በቀይ ክር የተሰፋው ቁልፍ

ልብስ የሚጥፍ ሰው የሰውን ፊት ሳያይ ጠባዩን ያውቃል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቀድሞ የሚሳሳበት ወይ ጸሎተኛ ነው ወይ ወለል አጣቢ። ኪሱ ቶሎ የሚቀደድበት እጁን የሚያሳርፍበት ያጣ ነው። አንገትጌው የሚበላበት ደግሞ ዞር ዞር እያለ መንገድ የሚያይ፣ ሰው የሚጠብቅ ነው።

ልጅቷ ይህን ሁሉ የተማረችው በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት፣ ከከተማው ጫፍ ያለው የእህል መጋዘን የምርኮኞች ካምፕ በሆነ ጊዜ ነው። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት የነበረው ትምህርት ቤት ተዘግቶ አንዱ ክፍል መጣፊያ ቤት ሆነ። ጥቁር ሰሌዳው ከግድግዳው አልወረደም፤ ጥግ ላይ አንድ ተማሪ የጀመረው የማባዛት ጥያቄ መልሱ ሳይሞላ እንደተጻፈ ነበር።

ሰኞ ሰኞ ከካምፑ በጋሪ ጆንያ ይመጣል። የተቀደደው፣ ቁልፉ የረገፈው፣ ክርኑ የተበላው ብቻ ተለይቶ ነው የሚላከው። ሐሙስ ተጥፎ ይመለሳል። በእያንዳንዱ ኮት አንገትጌ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ጥብጣብ ተሰፍቷል። ስም የለም። ምርኮኛ በቁጥሩ ይጠራል፣ በቁጥሩ ይበላል፣ ሲሞትም በቁጥሩ ይቀበራል።

የክፍሉ አለቃ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ምላሳቸው ስለሚቆርጥ ሁሉም «ጋሽ መቀስ» ይላቸዋል። ሥራ በጀመረችበት ቀን አንድ ደንብ ነገሯት።

«ጥብጣቡን እንዳትነኪ። ጥብጣብ ከኮት ላይ የሚፈታው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ያን ጊዜ የካምፑ ጸሐፊ ይፈታውና ኮቱን ለሌላ ይሰጠዋል። የእኛ ሥራ የሕያዋን ነው።»

ቤት ስትገባ እናቷን ራዲዮኑ ሥር ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። ታላቅ ወንድሟ ግንባር ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ ወሬው የለም። ከድንበሩ ማዶ ያሉት የማረኳቸውን ሰዎች ስም አንዳንድ ቀን በራዲዮ ያነባሉ። እናቷ ያንን ሲጠብቁ ነው የሚያመሹት።

«የእነሱን ልብስ ስትጥፊ እጅሽ አይንቀጠቀጥም?» አሏት አንድ ቀን።

«እማዬ፣ እዚያ ማዶም እንደ እኔ የምትጥፍ አንዲት ልጅ ትኖራለች። የወንድሜ ኮት እጇ ሲገባ እንዴት አድርጋ እንድትጥፍለት ትፈልጊያለሽ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታውቂበታለሽ» ብለው እናቷ ወደ ራዲዮኑ ዞሩ።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ሰው ይህን የሚለው ክፉ ለሠራ ነው። እሷ ግን ለበጎ አዞረችው፤ ክር በቋጠረች ቁጥር በልቧ ወንድሟን እያነሳች፣ ጌታ ሆይ ይህችን ቁጠርልኝ ትላለች።

ከኮቶቹ ሁሉ አንዱን ለይታ ታውቀው ነበር። አራት መቶ አስራ ሁለት። የግራ እጅጌው ሁልጊዜ ከቀኙ ቀድሞ ያልቃል። ስፌቱ ውስጥ ሰጋቱራ አይጠፋም። ግራ እጁ የሚቀናው አናጺ ነው ብላ ፈርዳ ነበር።

አንድ ቀን የመቁረጫው ጠረጴዛ እግር ተሰበረና ወታደር አንድ ምርኮኛ ይዞ መጣ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጉንጩን የአናጺ እርሳስ ያቆሸሸው ወጣት ነው። የመሣሪያ ሣጥኑን አስቀምጦ ጎንበስ ሲል ክርኑ ላይ የራሷን ጥፍ አየች።

«ግራ እጅህ ነው የሚቀናህ» አለችው።

ቀና አለ። «በምን አወቅሽ? መዶሻ እንኳ አላነሳሁም።»

«አራት መቶ አስራ ሁለት ነህ። የግራ እጅጌህን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ።»

እጅጌውን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ቋንቋው የእሷው ቋንቋ ነበር፤ ድንበሩ መሬቱን እንጂ አፉን አልከፈለውም። «እንግዲያው አንቺ ነሽ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ አሮጊት ትመስይኝ ነበር። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ስፌት የወጣት አይመስልም።»

«እዚህ ቤት የሚያረጀው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ መቀስ ከወዲያ። «በል፣ ጠረጴዛዬን።»

የአንድ ሰዓት ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። ወታደሩ በሩ ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ አዛዡ በግቢው ሲያልፍ ግን ይስላል። ሳሉ ሲሰማ አናጺው መዶሻውን ያነሳል፣ እሷም የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች።

«የዚህ ልጅ ሳል አዛዡን እያየ ነው እንዴ የሚነሳበት?» አሉ ጋሽ መቀስ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ብዙ አልተነጋገሩም። ስለ እናቱ ግቢ፣ ሳይጨርሰው ስለ መጣው በር ነገራት። አጠገቡ ስለሚተኛው ሰውም ነገራት።

«ዳቦ ጋጋሪ ነው። ዕድሜውን በምድጃ ፊት ስለኖረ ብርድ የሚባል ነገር አይችልም። ጥርሱ ሲንገጫገጭ መተኛት ቢያቅተኝ ኮቴን እደርብለታለሁ።»

«አንተስ?»

«እኔ እንጨት ነኝ፤ እንጨት አይበርደውም።»

ሰኞ ኮቱ በጆንያ ሲመጣ ገበሩን ፈታች። ከአሮጌ ብርድ ልብስ የተረፈ ቁራጭ ከውስጥ አነባብራ መልሳ ሰፋችው። ለሁለት ሰው የሚበቃ አድርጋ።

ከዚያ በኋላ የአራት መቶ አስራ ሁለት ኮት በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። በየሳምንቱ የሚጎድለው ከላይ ሦስተኛው ቁልፍ ነው። ዘበኞች ኪስ ይፈትሻሉ፤ የጠርዙን እጥፋት ግን አይፈትሹም። እጥፋቱን በጣቷ ስትዳብሰው ከእንጨት የተቀረጸ አዲስ ቁልፍ ታገኛለች። አንዱ የቅጠል ቅርጽ አለው፣ አንዱ ጠርዙ እንደ ፀሐይ ተፈልፍሏል፣ አንዱ ምንም የለውም፤ ብቻ እንደ ጠጠር ለስልሷል።

«ይሄ ሰውዬ ቁልፍ ይበላል እንዴ?» አሉ ጋሽ መቀስ።

«ርቦት ይሆናል።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ልጄ፣ እኔም ወጣት ነበርኩ። ሦስተኛው ቁልፍ የት ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ። ብቻ ክር አታባክኚ።»

አናጺው ለሁለተኛ ጊዜ የመጣው የመስኮት መስተዋት ሊገጥም ነው። ዝናብ ይጥል ነበር። ጋሽ መቀስ ዕቃ ቤት የሚፈልጉት ነገር በድንገት ትዝ አላቸው። አብረዋት የሚጥፉት ሴቶች ምሳቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ወታደሩ ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«የምርኮኞች ልውውጥ ይኖራል እየተባለ ነው» አላት።

«ሰምቻለሁ።»

«ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተወችው።

«እናትሽን በዚህ ኮት ሆኜ ልጅዎን ይስጡኝ ልላቸው አልችልም» አለ። «የልውውጡ መኪናዎች በሚወጡበት ቀን ግን የካምፑ በር ላይ ቆመሽ ልይሽ። ካየሁሽ፣ ሰላም በሆነ ማግስት እመለሳለሁ። በእግሬም ቢሆን።»

«እስከዚያ መልሴን በምን ታውቃለህ?»

«እሺ ካልሽ ቁልፉን በቀይ ክር ስፊው። ጥቁር ከሆነ ገና ነው እላለሁ። አልቸኩልም።»

«ወንድሜ ባይመለስስ? እናቴ አንተን ባየች ቁጥር እሱን ልታስብ?»

የያዘውን መስተዋት ግድግዳ አስደግፎ አስቀመጠ። «እሱ እንዲመለስ ከእናትሽ ቀጥሎ የምጸልየው እኔ ነኝ» አላት።

ወታደሩ ሳለ።

ሦስት ሳምንት በጥቁር ሰፋችው። በአራተኛው ሳምንት ጆንያው አልመጣም። ካምፑ ውስጥ ተስቦ ገብቶ በሩ ተዘጋ። ከመጋዘኑ ኋላ ያለው ሜዳ ላይ በየቀኑ ሲቆፈር ከመጣፊያው ቤት መስኮት ይታያል። እሱ የገጠመው መስኮት ነው።

የሚስለው ወታደርም ታሞ ተወሰደ። ወሬ የሚያመጣ ጠፋ። አምስት ሳምንት ሙሉ ሴቶቹ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። እሷ በእነዚያ ሳምንታት መልሷን ወሰነች። በሕይወት ያለ ሰው ገና ነው ሲባል ሊጠብቅ ይችላል፤ ሞት ግን አይጠብቅም። ሥራ ቤቱ ያለው ክር ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለሆነ ከራሷ ቀይ ሻሽ ጠርዝ ላይ ረጅም ክር መዘዘች። ጠቅልላ በመርፌ መያዣዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

በስድስተኛው ሰኞ ጋሪው መጣ። ልብሶቹ በበርሜል ተቀቅለው ቀለማቸው ለቋል። ጆንያውን ዘርግፋ በእጇ ፈለገችው። ክርኑን አወቀችው፣ የገበሩን ውፍረት አወቀችው። ሦስተኛው ቁልፍ የለም። እጥፋቱን ስትዳብሰው ቁልፉ አለ። ሳቀች። አንገትጌውን ገለጠች።

ጥብጣቡ አዲስ ነበር። አምስት መቶ ስልሳ ይላል። ከሥሩ የአሮጌው ጥብጣብ የተፈታበት የመርፌ ቀዳዳ ተራ በተራ ይታያል።

ጋሽ መቀስ ፊቷን አይተው ኮቱን ተቀበሏት። ምንም ሳይናገሩ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። የካምፑን ጸሐፊ መዝገብ አስገልጠው ተመለሱ።

«አራት መቶ አስራ ሁለት» አሉ። መቀስ የሚባሉት ሰው ቃል አጠራቸው። «ከሁለት ሳምንት በፊት። ቁጥሩ ችካል ላይ ተጽፏል። ልጄ፣ ዛሬ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ቁልፉ አልተሰፋም» አለች።

ተቀመጠች። ቀዩን ክር በመርፌው አስገባች፤ አልገባ ብሎ ሦስት ጊዜ አረጠበችው። ቁልፉን ሰፍታ ክሩን ከሥሩ አራት ጊዜ ጠምጥማ ቋጠረችው። መቼም ሊላላ እንደማይገባው ነገር ሁሉ። ሐሙስ ኮቱ ለማታውቀው ሰው ተላከ።

የመጨረሻው ጆንያ ይኸው ነበር። በሳምንቱ ልውውጡ ተነገረና መጣፊያ ቤቱ ተዘጋ።

ምርኮኞቹ በወጡበት ጠዋት ከተማው ግማሹ የካምፑ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የሚሰድብም የሚያለቅስም ነበረበት። እሷ ከቤት አልወጣችም። የምትሸኘው አልነበራትም። ከሰዓት በኋላ እነዚያው መኪናዎች ከማዶ የእኛዎቹን ይዘው ሲመለሱ እናቷን ደግፋ ወጣች። ከአራተኛው መኪና ላይ ጢሙ ያደገ፣ ትከሻው የጠበበ ሰው ወርዶ «እማዬ» አለ።

ቤት ገብተው ኮቱን ሲያወልቁለት እናቷ ክርኑ ላይ እጃቸው ቆመ። በጥቃቅን፣ እኩል በሆነ ስፌት የተያዘ ጥፍ ነበር።

«ማነው የጣፈልህ?»

«እንጃ። እዚያ የሚጥፉ ሴቶች ነበሩ። አይተናቸው አናውቅም።»

እናቷ ጥፉን ሳሙት። «ያቺን ልጅ እግዜር ይባርካት» አሉና ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። ፊቷን እስኪጠግቡ ካዩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት። «አንቺም የምትጥፊለት ሰው ነበረሽ?»

«ነበረኝ። ሞተ።»

በቀጣዩ እሑድ እናትና ልጅ አብረው ወደ ሜዳው ሄዱ። አራት መቶ አስራ ሁለት የሚለውን ችካል አገኙት። እናቷ ሣሩን በእጃቸው ነቀሉ። እስኪሞቱ ድረስም ብቻዋን ልከዋት አያውቁም።

ካምፑ ፈርሶ መጋዘኑ እንደገና እህል ገባበት። ጋሽ መቀስም ሞቱ፤ መቀሳቸውን ለእሷ ትተው። ወንድሟ አግብቶ ወለደ። እሷ በመንገዱ ዳር ትንሽ የስፌት ቤት ከፈተች። የሚጠይቃት ሰው አልጠፋም ነበር፤ አንዱ ደኅና ሰው ሁለት ዓመት ጠበቃት። ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር፦ «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሰው አለኝ።» እሑድ እሑድ ውሃ በጣሳ ይዛ ትሄዳለች። ከችካሉ ሥር የተከለችው ቁጥቋጦ ወገቧ ድረስ ደርሷል።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ድንበሩ ተከፈተ። ከማዶ የቀድሞ ምርኮኞች በአውቶቡስ መጥተው የጓደኞቻቸውን መቃብር ሊያዩ ነው ተባለ። እሷ ይህን የሰማችው እንደ ማንኛውም ወሬ ነው። እሑድ እንደ ልማዷ ጣሳዋን ይዛ ሄደች።

«ይቅርታ፣ እህቴ» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። «ይህን መቃብር የሚጠብቅ ማነው? ዘመድ አለው እንዴ?»

ዞር ስትል መጀመሪያ ያየችው ፊቱን አልነበረም። የስፌት ሰው ዓይን ልብስ ላይ ይቀድማል። የግራ እጅጌው ጠርዝ ከቀኙ ይልቅ ሳስቷል።

ጣሳው ከእጇ ወደቀ። ውሃው በእግራቸው መካከል ፈሰሰ። ሸብቷል፤ ጉንጩ ላይ እርሳስ የለም። ዓይኑ ግን ያው ነው።

«አንተ እዚህ ነህ» አለች ወደ አፈሩ እያመለከተች።

«አይደለሁም።»

«ቁጥርህ…»

«ቁጥሩ የኔ ነው። ሰውየው ዳቦ ጋጋሪው ነው።»

መሬት ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። የሆነውንም ነገራት። ዳቦ ጋጋሪው ታሞ ሲንቀጠቀጥ የራሱን ኮት አለበሰው፤ የዳቦ ጋጋሪውን ስስ ኮት ወስዶ ራሱ ለበሰ። ሰውየው ሌሊቱን ሞተ፤ ሲነጋ ጸሐፊው የሟቹን አንገትጌ ገልጦ አራት መቶ አስራ ሁለት ብሎ ጻፈ።

«ተሳስተሃል፣ እኔ ነኝ ብዬ ጮህኩ። ‹ቆጠራው ሞልቷል፣ አታበላሽብኝ› አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሟች ቁጥር ኖርኩ።»

«ኮቱ መጣ» አለች። «እኔ ሰፋሁት።»

«አይቼዋለሁ። መኪና ላይ ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ነበር የለበሰው። ሦስተኛው ቁልፍ ቀይ ነበር።» እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። «የያዝኩትን ዳቦና የራሴን ኮት ሰጥቼ ለወጥኩት። በሩን ስናልፍ ቆሜ ፈለግሁሽ። አንድም ፊት አላለፈኝም። ክሩ እሺ አለኝ፤ በሩ እምቢ አለኝ። የኋለኛውን ቃልሽ ብዬ ያዝኩት።»

«ሞተሃል አሉኝ። ሞተ የተባለ ሰው በየትኛው በር ይሸኛል?»

መዳፉን ከፈተው። እንደ ጠጠር የለሰለሰ የእንጨት ቁልፍ፣ ከሥሩም ቁራጭ ጨርቅ፣ መካከሉ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ ክር። በጣቷ ያዘችው። ቋጠሮውን ፈተነችው። አራት ዙር፤ አልላላም።

«አግብተሃል?»

«ዘግይቼ። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ።»

«እግዜር ያሳድግልህ።»

«አንቺስ?»

ቁጥቋጦውን አየች። እሱም ተከትሎ አየው። የተነቀለውን ሣር፣ የተጠረገውን አፈር፣ በጠጠር የተከበበውን ጠርዝ አየ። መጠየቁ ጸጸተው።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«ምን አድርገህ? ለበረደው ሰው ኮት አልብሰህ?» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ገበሩን ለሁለት ሰው የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ከኪሱ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አውጥቶ ከመቃብሩ አፈር ቆነጠረ። የዳቦ ጋጋሪው እናት በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ አፈሩን በእጃቸው መያዝ ፈልገዋል። «ልጄ አልቃሽ አጥቶ ቀረ እያሉ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያዝኑ ኖረዋል» አላት። «አሁን የምነግራቸው አገኘሁ።»

«ሣሩን መጀመሪያ የነቀለችለት እናቴ መሆኗንም ንገርልኝ» አለችው።

ቁልፉን መለሰችለት። «ያዘው፤ ላንተ የተላከ ነው።»

አውቶቡሱ የቆመው የቀድሞው የካምፑ በር አጠገብ ነበር። በሩ የለም፤ ሁለቱ ምሰሶዎች ብቻ ቀርተዋል። አብራው ሄደች። ምሰሶው ሥር ቆመች። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አያት፤ አውቶቡሱ ሲነሳም፣ ሲታጠፍም ዓይኑን አላነሳም። እሷም አቧራው እስኪወርድ ድረስ ቆማ ቀረች።

በሚቀጥለው እሑድ ጣሳዋን ይዛ ወጣች። መንገዱ ላይ እግሯ አንዴ አመነታ፤ ግን ሄደች። ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰች፣ የወደቁትን ቅጠሎች ለቀመች። ሃያ ሁለት ዓመት የነገረችውን ሁሉ የሰማው ሌላ ሰው ነበር። አሳፈራት፤ ከዚያ ደግሞ አሳዘናት።

ችካሉን በመዳፏ ጠረገችና ጎንበስ አለች።

«እንደምን ሰነበትክ፣ ወንድሜ» አለችው። «ዛሬ ፀሐይ ናት፤ አይበርድህም።»